መረቁ ውስጥ የሚቀረው መድኃኒት

መቐለ፣ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ለተሰበሰበ ታዳሚ የቀረበ ዲስኩር



«በእርባታ ያደገ ዓሳ አንቲባዮቲክ አለበት ይባላል፤ በደንብ ከበሰለ ግን ምን ያመጣል?» ይህ ጥያቄ በብዙ አገር ይጠየቃል። እኛም ዘንድ በፆም ወራት የዓሳ ፍላጎት ሲጨምር፣ ከውጭ የመጣ የታሸገ ዓሳ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲታይ ይነሣል። ጥያቄው ጥሩ ነው። ከጥያቄው ጀርባ ያለው እምነት ግን ያሳስበኛል፤ እሳት የነካው ምግብ ሁሉ ንጹሕ ነው የሚለው እምነት። ይህ እምነት ከዓሳው ይልቅ ልጆቻችን በየማለዳው የሚጠጡትን ወተትና ለበዓል የምናርደውን ከብት ይመለከታል። ዛሬ የምናገረውም በዋናነት ስለዚያ ነው፤ ወደዚያ የምንደርሰው ግን በዓሳው በኩል ነው።

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ በሮማናት ዙሪያ ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱን ብትጎበኙ፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተሰንጥቆ በዘይት የተጠበሰ ቆሮሶ ከዳጣ ጋር ሊቀርብላችሁ ይችላል። ይህ ዓሳ ከተከዜ ግድብ ወይም ከሐሸንጌ የመጣ ሊሆን ይችላል። የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጠናቀቅ ከበስተጀርባው የተኛው ውኃ ለአካባቢው ወጣቶች አዲስ የዓሳ ሥራ ይዞ መጣ። የእነዚህ ውኃዎች ዓሳ ራሱን የቻለ፣ ያገኘውን በልቶ ያደገ ነው። መኖ የሚሰጠው፣ በመኖው ላይም መድኃኒት የሚያርከፈክፍለት ሰው የለም። ስለዚህ የተከዜን ዓሳ የምትወዱ ሰዎች በአንቲባዮቲክ በኩል ስጋት አይግባችሁ። በአገራችን ለገበያ የሚቀርበው ዓሳ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሐይቅ፣ ከወንዝና ከግድብ የሚጠመድ ነው፤ የኩሬ እርባታው ገና በጅምር ላይ ይገኛል።

የእርባታ ዓሳ ችግር ያለበት ቦታ ሌላ ነው። በእስያ የባሕር ዳርቻዎች ሽሪምፕም ዓሳም በየኩሬያቸው ተጨናንቀው ያድጋሉ። አንዱ ሲታመም ለይቶ ማከም አይቻልም፤ መድኃኒቱ ከመኖው ጋር ተቀላቅሎ ለሁሉም ይበተናል፣ የታመመውም ጤነኛውም ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የአውሮፓ ኅብረት ከቻይና የሚገቡ የእንስሳት ተዋጽኦዎችን ያገደው፣ ሽሪምፕን ጨምሮ በምርቶቹ ውስጥ ክሎራምፌኒኮል የተባለው አንቲባዮቲክ በመገኘቱ ነበር። በዚያው ዘመን ናይትሮፉራን የሚባሉት መድኃኒቶች በታይላንድና በሌሎች አገሮች ሽሪምፕና ዶሮ ውስጥ ተገኝተው ብዙ ጭነት ከወደብ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከቻይና የሚመጡ አምስት ዓይነት የእርባታ ዓሳና ሽሪምፕ ከመድኃኒት ነጻ መሆናቸው ሳይረጋገጥ ከወደብ እንዳይወጡ አደረገ። ያ ሁሉ ምርት በስሎ የሚበላ ነበር። «ይበስላል፣ ግድ የለም» ብለው ግን አላሳለፉትም። ለምን?

ምክንያቱ ይህ ነው። እሳት የሚገድለው ሕይወት ያለውን ነው። ሳልሞኔላን፣ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ፣ የኮሶን እጭ ይገድላል። አንቲባዮቲክ ግን ሕይወት የለውም፤ ኬሚካል ነው። ኬሚካል ደግሞ አይሞትም፤ ወይ ይፈራርሳል፣ ወይ ባለበት ይቆያል፣ ወይ ቦታ ይቀይራል። ከሦስቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው የመድኃኒቱ ዓይነት፣ የሙቀቱ መጠን፣ የጊዜው ርዝመትና የአበሳሰሉ ሁኔታ ነው።

በአገራችን ከብት ሕክምና እጅግ የተለመደውን ኦክሲቴትራሳይክሊንን እንውሰድ። ይህ መድኃኒት ለሙቀት ስስ ነው። በተራ ውኃ ውስጥ በ100 ዲግሪ ቢፈላ በሁለት ደቂቃ ገደማ ግማሹ ይፈራርሳል። በሥጋ ውስጥ ሲሆን ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዚህ መድኃኒት የታከመ እንስሳ ሥጋ ቀቅለው፣ ጠብሰው፣ በምድጃ ጋግረውና በማይክሮዌቭ አብስለው ለኩት። የቀነሰው መጠን ከ35 እስከ 94 በመቶ ሆነ። ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ። በአንደኛው ምጣድ ሲሦው ብቻ ጠፍቶ በሌላው ሊያልቅ ተቃርቧል፤ መድኃኒቱ አንድ ሆኖ ሳለ። ልዩነቱን ያመጣው በይበልጥ የሙቀቱ መጠን ነው።

ወደ ሌሎቹ ስንመጣ ተስፋው እየሳሳ ይሄዳል። ክሎራምፌኒኮል ሽሪምፕ በሚቀቀልበት ጊዜ ብዙም አይነካም። የናይትሮፉራን ቅሪት ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ተጠብሶም፣ በፍም ላይ ተቀምጦም፣ በምድጃ ገብቶም ከ67 እስከ 100 በመቶ የሚሆነው ባለበት እንደሚቆይ ተለክቷል። በዶሮ እርባታ የሚታወቀው ኤንሮፍሎክሳሲን ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያስተምረን ነው። የዶሮ ሥጋ ሲቀቀል በሥጋው ውስጥ ያለው ኤንሮፍሎክሳሲን ይቀንሳል። ሰው ይህን ሲያይ «ጠፋ» ይላል። ተመራማሪዎቹ የተቀቀለበትን ውኃ ሲለኩት ግን መድኃኒቱ እዚያ ተገኘ። ሥጋው በፍም ሲጠበስ ደግሞ ውኃው ተንኖ ስለሚያልቅ፣ በአንድ ኪሎ የበሰለ ሥጋ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ከጥሬው በልጦ ተገኘ። በድስት ውስጥ እንዳለ ጨው ነው፤ ብታፈሉት አይጠፋም፣ ወጡ ሲመጥ ጨውነቱ ይበልጥ ይሰማል።

አሁን ወደ ማዕድ ቤታችን እንግባ፤ የውጭዎቹ ጥናቶች የማይነግሩን ነገር ያለው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ከፍታችን ነው። መቐለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። በለንደን ላቦራቶሪ በ100 ዲግሪ የተለካ ቁጥር ለኛ ድስት በቀጥታ አይሠራም። ሽሮ ቶሎ የማይበስለው፣ ባቄላ ግማሽ ቀን የሚፈጀው በዚሁ ምክንያት ነው፤ መድኃኒቱም የሚፈራርሰው በዚያው ልክ ቀስ እያለ ነው። ፕሬዠር ኩከር ያለው ቤት ይህን ክፍተት ይዘጋል፤ ሁሉም ቤት ግን የለውም። «በዘይት የሚጠበሰውስ?» ትሉኝ ይሆናል። ዘይቱ እጅግ ይሞቃል፤ የዓሳው ቅርፊትም ይነካል። የዓሳው ውስጥ ግን እርጥበት እስካለው ድረስ ከውኃው መፍያ ሙቀት አያልፍም፤ እዚያም የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ወጣችን ነው፤ እኔ እጅግ የማተኩረው በዚህ ላይ ነው። ፈረንጅ ሥጋ ሲቀቅል ውኃውን የሚደፋበት ጊዜ አለ። የውጭ ጥናቶች «መቀቀል ቅሪቱን ይቀንሳል» ሲሉ ስለ ሥጋው ብቻ መናገራቸው ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ምንም አንደፋም። ቀይ ወጥ ሲሠራ ከሥጋው የወጣው ሁሉ ወጡ ውስጥ ነው። በእንጀራ ጠቅለል አድርገን የምንበላው ደግሞ መረቁን ነው፤ ከሥጋው ይልቅ መረቁ ይበዛል። ለልጅና ለአራስ «መረቁን ስጧት» እንላለን፤ ለታመመ ሰው ቅቅል ሠርተን መረቁን እናጠጣለን። መድኃኒቱ ከሥጋ ወደ መረቅ ከተሻገረ፣ በኛ ገበታ ላይ የትም አልሄደም። አቅመ ደካማ ወደምንለው ሰው ጎድጓዳ ሳሕን ነው የተዛወረው።

በቅቅል ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቴትራሳይክሊን የሚባሉት መድኃኒቶች ካልሲየም ይወዳሉ፤ ከአጥንትና ከጥርስ ጋር ይጣበቃሉ። ለነፍሰ ጡርና ለትንሽ ልጅ የማይታዘዙትም የልጁን ጥርስ ለዘለቄታው ቡናማ ስለሚያደርጉ ነው። በታከመ ከብት ውስጥ መድኃኒቱ ከሥጋው ከለቀቀ በኋላም በአጥንቱ ውስጥ ይቆያል ማለት ነው። አጥንት ለሰዓታት የሚፈላበት ማዕድ ቤት ይህን ማወቅ አለበት።

ሦስተኛው ጭራሽ እሳት የማይነካው ምግባችን ነው። ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ጥሬ ዱለት። ስለ ጥሬ ሥጋ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ኮሶ ትል ሁሉም ያውቃል። ስለ ዱለት ግን የምለው አለኝ። ዱለት ውስጥ ጉበት አለ። ጉበትና ኩላሊት መድኃኒት የሚጣራባቸው ቦታዎች ናቸው። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ኮሚሽን ለቴትራሳይክሊኖች ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ኪሎ ሥጋ 200 ማይክሮግራም፣ በጉበት 600፣ በኩላሊት 1,200 ነው። የጉበቱና የኩላሊቱ ጣሪያ ከፍ ያለው መድኃኒቱ እዚያ ስለሚከማችና ሰው ከእነሱ በቀን ጥቂት ብቻ ይበላል ተብሎ ስለሚገመት ነው። ቁርሱን ዱለት ላደረገ ሰው ይህ ግምት አይሠራም።

እስካሁን ስለ ምግቡ ነበር። ለመሆኑ መድኃኒቱ በከብቶቻችን ውስጥ አለ ወይ?

አለ። በአዲስ አበባ፣ በደብረ ዘይትና በናዝሬት ቄራዎች ከተወሰዱ 384 የከብት ናሙናዎች 71.3 በመቶው ኦክሲቴትራሳይክሊን ተገኝቶባቸዋል። በየከተማው ሲታይ ከአዲስ አበባ 93.8፣ ከናዝሬት 82.1፣ ከደብረ ዘይት 37.5 በመቶ ነበር። «ተገኘ» ማለት ሁሉም ከጣሪያው አለፈ ማለት አይደለም፤ ይህን በሐቅ ልንናገር ይገባል። ቁጥሩ የሚነግረን ግን ሌላ ነው፦ ለእርድ ከተነዱት ከእነዚያ ከብቶች አብዛኞቹ መድኃኒቱን በቅርቡ ያገኙ ነበሩ። በደብረ ዘይትና በናዝሬት የወተት ላሞች ላይ በተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ400 የወተት ናሙናዎች 48ቱ የመድኃኒት ቅሪት ታየባቸው፤ ከአሥር አንድ በላይ ማለት ነው። በባሕር ዳርና በደብረ ታቦር በከብት ሥጋ ላይ የተሠራው ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል።

ወተቱ ላይ ቆም እንበል። የወተት ችግር ከሥጋው ይልቅ በዓይን የሚታይበት መንገድ አለ። በወይራ የታጠነ ቅል ውስጥ ወተት አስቀምጣ እርጎ የምትጠብቅ እናት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቅሉን ስታነቃንቅ የሚረጋው ነገር አለመርጋቱን ታያለች። ወተቱ ሳስቶ ይቀራል፣ አልፎ አልፎም ጠረኑ ይበላሻል፤ እርጎ ግን አይሆንም። ቅሉን ትወቅሳለች፣ ብርዱን ትወቅሳለች፣ ወተቷ ውኃ ገብቶበታል ብላ ወተት አምጪዋን ትወቅሳለች። እነዚህ ሁሉ ትክክለኛ ምክንያቶች ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ የማይጠረጠር ምክንያት ግን ይቀራል፦ ላሟ ጡቷ ታሞ ፔኒሲሊን ተሰጥቷታል፤ ወተቷም ሳይቋረጥ ወደ ገበያ ሄዷል። ወተትን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ለፔኒሲሊን እጅግ ስሱ ናቸው። በወተቱ ውስጥ ጥቂት ሲኖር እንኳ ሥራቸው ይዳከማል።

እዚህ ላይ «እኛ እኮ ወተት አፍልተን ነው የምንጠጣው» የሚል ይመጣል። ማፍላቱን አትተዉ፤ ብሩሴሎሲስንና የሳንባ ነቀርሳን የሚከላከለው እሱ ነው። ፔኒሲሊን ግን በማፍላት ተማምነን የምንተወው አይደለም። የወተት ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት የፓስቸራይዜሽን ሙቀት፣ 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ፣ እምብዛም አይነካውም፤ ቤታችን ውስጥ ገንፍሎ ሳይፈስስ ከእሳት የምናወርደውም ብዙ የተለየ ውጤት አያመጣም። ለፔኒሲሊን አለርጂ የሆነ ሰው ላይ ጥቂቱ መጠን እንኳ ሽፍታና ማሳከክ ሊያስነሳ ይችላል።

አሁን የኦክሲቴትራሳይክሊን ብልቃጥ በእጃችሁ እንደያዛችሁ አስቡ። ቡናማ ብልቃጥ፣ ውስጡ ቢጫ ፈሳሽ፣ በጎኑ ላይ በትናንሽ ፊደል፣ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት። ከመጠኑና ከተመረተበት ቀን በታች አንድ መስመር አለ፤ ከብቱ ከታከመ በኋላ ሥጋው ለስንት ቀን እንደማይበላ፣ ወተቱ ለስንት ቀን እንደማይጠጣ የሚናገረው መስመር። የመቆያ ጊዜ ልንለው እንችላለን። ረጅም ጊዜ በሚሠራው 20 በመቶ መድኃኒት ላይ ለሥጋ 28 ቀን፣ ለወተት 7 ቀን ተብሎ ተጽፎ ማግኘት የተለመደ ነው፤ እንደ አምራቹ ይለያያል። የዛሬው ንግግሬ ልብ ያለው በዚህች መስመር ላይ ነው። በሚገባ የተጠበቀ 28 ቀን ያደረገውን የትኛውም ምድጃ ሊያደርገው አይችልም። የከብቱ ጉበትና ኩላሊት ራሳቸው መድኃኒቱን አጣርተው ያስወጡታል፤ የሚፈልጉት ጊዜ ብቻ ነው። ያ ጊዜ ካልተጠበቀ ግን ሥራው ወደ ድስታችን ይተላለፋል፤ ድስቱ ደግሞ እንዳየነው ሥራውን በግማሽ ይሠራዋል፣ አንዳንዱንም ጭራሽ አይሠራውም።

በዚሁ ብልቃጥ ላይ ሌላ የማይነገር ነገር አለ። መርፌው የተወጋበት ሥጋ ከሌላው የከብቱ አካል እጅግ የበዛ መድኃኒት ይይዛል። አንገቷ ወይም ዳሌዋ የተወጋች ላም ገና በሳምንቱ ብትታረድ፣ ያን ቁራጭ የገዛው ቤተሰብ ከሌላው ይልቅ ብዙ እጥፍ ይደርሰዋል። የቄራ መርማሪ መርፌ የተወጋበት ቦታ ሲያይ ቆርጦ የሚጥለው ለዚህ ነው። በየመንደሩ ለቅርጫ በሚታረደው ከብት ላይ ግን ያንን የሚያይ ዓይን የለም።

ገበሬው ለምን አይጠብቅም? ይህን የምጠይቀው ለመውቀስ አይደለም። መስመሩ በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ነው። መድኃኒቱን ከሐኪም እጅ ሳይሆን ከገበያ የገዛው ብዙ ነው፤ ለሰው የተሠራ የቴትራ እንክብል ከፍቶ ለዶሮዎቹ ውኃ ውስጥ የሚበትንም አለ። የታከመው በሬ ካልዳነ፣ ሳይሞትበት መሸጥ ለገበሬው ብቸኛ መውጫው ነው። ሰባት ቀን ወተቷን የምትደፋ ሴት ሰባት ቀን ያለ ገቢ ትቆያለች። በትግራይ ደግሞ በጦርነቱ ዓመታት የተዘረፉት የእንስሳት ጤና ጣቢያዎች፣ የተቋረጠው የመድኃኒት አቅርቦትና ያለቁት ከብቶች ነገሩን አባብሰውታል። አንዲት ላም የቀረችው ቤተሰብ ለዚያች ላም ያገኘውን መድኃኒት ከየትም ያመጣል፤ ቀን የሚቆጥርበት ልብም አቅምም አይኖረውም። ይህን ሳይገባን ሕግ ብቻ ብናወራ ፍርዳችን ያዳላል።

ሕጉ ደግሞ አለ። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ተከትሎ ወጥቷል። ችግሩ የቅሪቱ መለኪያ ከላሟ አጠገብ አለመድረሱ ነው።

ምን ያህል እንስጋ? አንድ ጊዜ የተበላ ሥጋ ሰው ይገድላል ብዬ ማስፈራራት አልፈልግም። ለክሎራምፌኒኮል ግን ጣሪያ እንኳ አልተበጀለትም፤ በጥቂት ሰዎች ላይ የመቅኒን ሥራ የሚያቆም አደገኛ የደም በሽታ ስለሚያስከትል ለሰው ምግብነት በሚያገለግል እንስሳ ላይ በብዙ አገር ክልክል ነው። ትልቁ ስጋት ግን መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ መድኃኒት በማይበግረው ባክቴሪያ ምክንያት ሞተዋል ተብሎ ተገምቷል፤ ሸክሙ ከሁሉ በላይ የከበደውም ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ላይ ነው። ከዚህ ውስጥ በምግባችን ያለው ቅሪት ድርሻ ከመድኃኒቱ ያላግባብ መሰጠት ጋር ሲነጻጸር ያነሰ ነው። ሁለቱ ግን ከአንድ ምንጭ ይፈልቃሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ ብልቃጥ። ቅሪቱን ስንለካ የምናየው ያንን ብልቃጥ ነው።

ወደ ዓሳው ልመለስ፤ በአጭሩ። በሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሳ ምርምር ማዕከል የዓሳ ጫጩት እያራባ ለገበሬ የሚያከፋፍልበት ዘመን ላይ ነን፤ የኩሬ እርባታ ወደዚህም መምጣቱ አይቀርም፣ መምጣቱም መልካም ነው። ሁለት ነገር ብቻ ከመጀመሪያው ይታሰብበት። በብዙ ቦታ የኩሬው ማዳበሪያ የዶሮ ፍግ ነው። ዶሮዎቹ አንቲባዮቲክ ከጠጡ ፍጋቸው ይዞት ይወርዳል፤ ዓሳውን ማንም ሳያክመው ይታከማል። ሁለተኛው የውኃው ቅዝቃዜ ነው። ዓሳ ሙቀቱ ከውኃው ጋር እኩል ስለሆነ መድኃኒቱን የሚያስወጣበት ፍጥነትም ከውኃው ጋር ይሄዳል። ስለዚህ የዓሳ የመቆያ ጊዜ በሙቀትና በቀን ብዜት ይቆጠራል። አውሮፓውያን ለረጅም ጊዜ መነሻ ያደረጉት 500 የሚለውን ቁጥር ነው፦ ውኃው 25 ዲግሪ ከሆነ 20 ቀን፣ 16 ዲግሪ ከሆነ 31 ቀን መሆኑ ነው። የደጋ ኩሬ ባለቤት ከቆላው ረዘም አድርጎ መጠበቅ አለበት።

ምን እናድርግ ወደሚለው ልግባ። እንዳየነው መፍትሔው ከማዕድ ቤት በፊት ነው፤ ከማዕድ ቤት በፊት ያለው ሰፊ ቦታ ግን ባዶ እንዳይመስላችሁ። ወተትን ለመመርመር ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ሐምራዊ ቀለም ያለው ድብልቅና ለአንቲባዮቲክ ስስ የሆነ ባክቴሪያ ይቀመጣል፤ ጥቂት ጠብታ ወተት ይጨመርበትና በ64 ዲግሪ ለሦስት ሰዓት ያህል ይሞቃል። ወተቱ ንጹሕ ከሆነ ባክቴሪያው ያድጋል፣ አሲድ ያመነጫል፣ ሐምራዊው ወደ ቢጫ ይቀየራል። መድኃኒት ካለበት ሐምራዊ እንደሆነ ይቀራል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሊያነበው ይችላል። በደብረ ዘይትና በናዝሬት 48ቱን ናሙናዎች የለየውም ይኸው ምርመራ ነበር። በከተማችን ወተት ተሰብስቦ በሚመዘንባቸው ቦታዎች በሳምንት ጥቂት ቀን እንኳ ቢደረግ፣ ነገሩ ከሐሜት ወጥቶ ወደ ቁጥር ይለወጣል። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ይህን ማድረግ አያቅታትም።

ምርመራው ሐምራዊ ሆኖ የቀረባት ሴት ግን ወተቷን ደፍታ ባዶ እጇን መመለስ የለባትም። ይህ ከልቤ የማምንበት ነገር ነው። የወተት ማኅበራት ከእያንዳንዱ ሊትር ጥቂት ሳንቲም ቆጥበው ለታከመች ላም ባለቤት የሰባቱን ቀን ገቢ በከፊል ቢሸፍኑላት፣ ላሟ መታከሟን የምትደብቅበት ምክንያት ይጠፋል። የተወጋችው ላም እግር ላይ ቀይ ጨርቅ ማሰር፣ ሕክምናው የተሰጠበትን ቀን በበረቱ በር ላይ በትግርኛ ጽፎ መለጠፍ ወጪ የሌለው ሥራ ነው። መድኃኒት ሻጩም ብልቃጡን ሲሰጥ የመቆያውን ቀን አፍ አውጥቶ መናገር ይችላል፤ ገዢው ካላነበበው ሻጩ ይንገረው።

እናንተ በቤታችሁ ደግሞ፤ ወተት የምታመጣላችሁን ሴት «ላምሽ ሰሞኑን ታክማ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋት፤ በቁጣ ሳይሆን እንደ ዘመድ። ለበዓል ቅርጫ ስትገቡ ከብቱን የሸጠውን ሰው የመጨረሻው መርፌ መቼ እንደተወጋ ጠይቁት። ሥጋውን አብስሉት፤ ማብሰል ለብዙ ነገር ያስፈልጋል። በበሽተኛና በሕፃን መረቅ ላይ ግን በማብሰል ብቻ አትመኩ።

አንድ ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር እፈራለሁ፤ በዚህ አዳራሽ የተገኙ የእንስሳት ሐኪሞች ቢመልሱት ደስ ይለኛል። በሰባቱ ቀን ውስጥ የሚታለበው ወተት ወዴት ይሂድ? ብዙ ሰው ለጥጃው ይሰጠዋል። ጥጃው ግን ያንን ትንሽ መጠን በየቀኑ ሲጠጣ በአንጀቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን መልመድ ይጀምራሉ፤ ነገ ጥጃው ራሱ ሲታመም ያው ብልቃጥ ላይሠራለት ነው። ወደ ወንዝ መድፋትም ተገቢ አይደለም። ከከብቶቹ ፍግ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ማዳበሪያ ጉድጓድ መግባቱን እኔ እመርጣለሁ፤ የተሻለ የምታውቁ ካላችሁ ግን ማይክሮፎኑ ይኸውላችሁ።